የዳኛውን የሥነ ሥርዓት ትዕዛዝ በይግባኝ ማስመርመር፦ ከችሎቱ ቀን እስከ ይግባኝ ሰሚው ውሳኔ

ቀጠሮ ጠይቀው ተከልክለዋል። ወይም ክስዎን ለማሻሻል ያቀረቡት ጥያቄ ውድቅ ተደርጓል፤ ዘግይቶ እጅዎ የገባ ሰነድ አይያያዝም ተብሏል፤ ምስክር የማሰማት መብትዎ ታልፏል ተብሎ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ዋናው ፍርድ ይሰጥና ይረታሉ። ይግባኝ ሲያስቡ ከሁሉ በፊት የሚያንገበግብዎት ያ ትዕዛዝ ነው።

እንዲህ ያለ ትዕዛዝ በይግባኝ የሚመረመርበት መንገድ ከሌላው የይግባኝ ነጥብ ይለያል። ክርክሩ የሕግ ትርጉም ከሆነ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የራሱን አቋም ይይዛል፤ የሥር ፍርድ ቤቱ አስተያየት አያስረውም። ሕጉ ለዳኛው ፈቃደ ሥልጣን (እንደ ሁኔታው መዝኖ የመምረጥ ሥልጣን) በተወው ጉዳይ ላይ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዳኛው ሕጉ ከሰጠው ክልል ወጥቷል ወይ የሚል ነው። በአንድ የቀጠሮ ጥያቄ ላይ ሁለት ዳኞች የተለያየ ትዕዛዝ ቢሰጡ ሁለቱም ሕጉን ጠብቀው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቢፈቅድልኝ ይሻል ነበር» የሚል ቅሬታ ብቻውን የትም አያደርስም።

በእኔ እምነት እነዚህ ቅሬታዎች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት ዳኛው ትክክል ስለነበረ አይደለም። ትዕዛዙ በተሰጠበት ቀን መዝገብ ላይ ሊመረመር የሚችል ነገር ስላልሰፈረ ነው፤ ትዕዛዙ በፍርዱ ላይ ያመጣው ለውጥም ስላልታየ ነው። ቀጥሎ ያለው አካሄድ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በተለይ ለጀማሪ ጠበቆችና ጉዳያቸውን ራሳቸው ይዘው ለሚከራከሩ ሰዎች የታሰበ ነው።

መጀመሪያ፦ ትዕዛዙ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ዳኛው የተመረኮዘበትን አንቀጽ አውጥተው ያንብቡ። ሕጉ «ሊፈቅድ ይችላል» ወይም «በቂ ምክንያት ሲኖር» ዓይነት አነጋገር ከተጠቀመ ጉዳዩ የፈቃደ ሥልጣን ነው። ክስን ወይም መከላከያን ማሻሻል (አንቀጽ 91)፣ ቀጠሮ መስጠት (ከአንቀጽ 197 ጀምሮ)፣ በጊዜው ያልቀረበ ሰነድን መቀበል (አንቀጽ 137(3))፣ ወጪና ኪሣራ መወሰን (አንቀጽ 462) ከዚህ ወገን ናቸው።

ሕጉ ግዴታ ከጣለ ግን ዳኛው ምርጫ የለውም። ፍርድ ቤቱ በጉዳዩ ላይ የሥረ ነገር ሥልጣን ከሌለው ማየት አይችልም። ቀድሞ በመጨረሻ ፍርድ ያለቀ ክርክር በአንቀጽ 5 መሠረት እንደገና አይታይም። መጥሪያ በአግባቡ ሳይደርሰው በሌለበት ክርክሩ የተሰማበት ተከሳሽ የዳኛውን ቸርነት እየጠየቀ አይደለም፤ መብቱን እየጠየቀ ነው። ቅሬታዎ ከዚህ ወገን ከሆነ «ፈቃደ ሥልጣኑን በአግባቡ አልተጠቀመም» ብለው አያዳክሙት። «ሕጉ ያዘዘውን አልፈጸመም» ብለው በቀጥታ ይጻፉት።

በመካከል ያለ አንድ ሁኔታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ሕጉ ለዳኛው ምርጫ ሰጥቶት እያለ ዳኛው ምርጫ እንደሌለው አስቦ ሊወስን ይችላል። «ክስ ከተሰማ በኋላ ማሻሻል አይቻልም» ብሎ ያዘዘ ዳኛ ፈቃደ ሥልጣኑን ጭራሽ አልተጠቀመበትም፤ አንቀጽ 91 ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በሩን ክፍት አድርጎታልና። ይህ የሕግ ስህተት ነው፤ በይግባኝም ከሌሎቹ ይልቅ ጠንካራ መሠረት አለው።

ትዕዛዙ በተሰጠበት ቀን፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። አንድ የቤት ግንባታ ተቋራጭ ቀሪ ክፍያ እንዲከፈለው ከሰሰ እንበል። ተከሳሿ ሥራው ጉድለት አለበት፣ ስለዚህ ቀሪውን ልከፍል አይገባም ብላ ተከራከረች። ጉድለቱን ቦታው ላይ ሆኖ ያየው መሐንዲስ ዋና ምስክሯ ነው። ምስክር በሚሰማበት ቀን መሐንዲሱ ሆስፒታል ተኝቷል። ጠበቃዋ ተነስቶ «ምስክራችን ስለታመሙ ቀጠሮ ይሰጠን» አለ። የተቋራጩ ጠበቃ ተቃወመ። ዳኛው «ምስክሩ ባለመቅረቡ መብቱ ታልፏል» ብሎ አዘዘ፤ መዝገቡን ለፍርድ ቀጠረው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከወራት በኋላ የሚያገኘው ያችን አንድ መስመር ነው። መሐንዲሱ ምን ሊናገር እንደነበር አያውቅም። ሕመሙ በማስረጃ መደገፉን አያውቅም። ከዚህ በፊት ስንት ቀጠሮ እንደተጠየቀም ከመዝገቡ ካልቆጠረ በቀር አያውቅም። ባላየው ነገር ላይ ተመሥርቶ የሥር ዳኛውን ተሳስተሃል ሊለው አይችልም።

ጠበቃው በዚያች ቅጽበት እንዲህ ብሎ ቢሆን ሁኔታው ይለወጥ ነበር፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ የሕክምና ማስረጃው ይኸው፣ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝልን። ምስክሩ የመሠረቱና የጣሪያው ሥራ ከውሉ ውጪ መሠራቱን ቦታው ላይ ያዩ ብቸኛ ሰው ናቸው። ከዚህ በፊት በእኛ ጥያቄ የተሰጠ ቀጠሮ የለም። አንድ አጭር ቀጠሮ እንጠይቃለን፤ ከሳሽ በዚህ ምክንያት የሚደርስባቸውን ወጪ ለመሸፈን ዝግጁ ነን።»

በዚህ ንግግር ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። ምክንያቱና ማስረጃው፣ ምስክሩ የሚያስረዳው ፍሬ ነገር፣ የጠያቂው የእስካሁን ጠባይ፣ እንዲሁም ለተቃራኒው ወገን የቀረበ ካሣ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀጠሮ ያስከተለውን ወጪ ጠያቂው እንዲሸፍን ማድረግ በፍርድ ቤቱ እጅ ያለ ነገር ነው። እርስዎ አስቀድመው ካቀረቡት ዳኛው ለመከልከል የሚቀረው ምክንያት ይሳሳል፤ ከከለከለም ይግባኝ ሰሚው ለምን ቀለል ያለውን መንገድ እንዳልመረጠ ይጠይቃል። ክስ ለማሻሻል ሲጠይቁም እንዲሁ ያድርጉ።

ከትዕዛዙ በኋላ ደግሞ ምክንያቱ በመዝገብ እንዲሰፍር በትህትና ይጠይቁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥያቄያችን ውድቅ የሆነበት ምክንያት እንዲመዘገብልን» ማለት ድፍረት አይደለም። አንቀጽ 182 ፍርድ ምክንያቱን መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል፤ መብት የሚያሳጣ ትዕዛዝም ያለ ምክንያት ሊሰጥ አይገባም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱ ያልተገለጸ ትዕዛዝ ተከራካሪውን ብቻ ሳይሆን ይግባኝ የሚሰማውን ዳኛም ጨለማ ውስጥ ይተወዋል።

በዚያው ቀን፣ ካልተቻለ በማግስቱ፣ በችሎት ያሉትን በአጭር ማመልከቻ ጽፈው በመዝገብ ቤት ያስገቡ። የሕክምናውን ማስረጃ አብረው ያያይዙ። ገቢ የተደረገበት ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዙ። የችሎቱ ጽሑፍ ያሉትን ካልያዘ ወይም አዛብቶ ከያዘ እንዲስተካከል ወዲያው ያመልክቱ። ችሎቱ በድምፅ የሚቀረጽ ከሆነም በዚህ አይዘናጉ፤ ይግባኝ ሰሚው አስቀድሞ የሚያነበው ወረቀቱን ነው።

የተከለከሉት ሰነድ ከሆነ ሰነዱ ራሱ ይግባኝ ሰሚው ሊያየው በሚችል መልክ መቅረቡን ያረጋግጡ። ለምን በመጀመሪያ እንዳልቀረበም ቀኑን ጠቅሰው ያስረዱ፦ መቼ ጠየቁ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት፣ መቼ ተሰጠዎት። ሰነዱ ሌላ ፍርድ ቤት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ከሆነ በአንቀጽ 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎ ማመልከት ይችሉ ነበር። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው ከሆነ መልስ ሰጪው (ይግባኝ የተባለበት ወገን) በይግባኝ ያነሳብዎታል።

አሁኑኑ ይግባኝ ይባላል?

በአብዛኛው አይባልም። አንቀጽ 320(3) በክርክር ሂደት በሚሰጡ ትዕዛዞች ላይ ወዲያው ይግባኝ ማቅረብን ይከለክላል፤ በምሳሌነትም ቀጠሮን፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያን (ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ ክሱ አይታይም የሚል ክርክርን)፣ የቃል ወይም የጽሑፍ ማስረጃ ተቀባይነትን፣ በደኻ ደንብ መክሰስን ይጠቅሳል። ነገር ግን ያው ንዑስ አንቀጽ በመጨረሻው ፍርድ ላይ ይግባኝ ሲባል ትዕዛዙ እንደ አንድ የይግባኝ ምክንያት ሊነሳ እንደሚችል ይናገራል። መብቱ አልጠፋም፤ ጊዜው ወደ መጨረሻው ፍርድ ተላልፏል።

ይህ ደንብ ተከራካሪን ያማርራል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። በእያንዳንዱ ቀጠሮና በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ መዝገቡ ወደ ላይ ቢወጣና ቢወርድ ክርክሩ አያልቅም፤ የሚጎዳውም ጉልበት የሌለው ወገን ነው።

ልዩ ሁኔታው በአንቀጽ 320(4) ነው፦ ሰው እንዲያዝ ወይም እንዲታሰር የሚያዝ፣ ንብረትን ከአንዱ ተከራካሪ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ፣ ወይም አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታን የሚከለክል ትዕዛዝ ከሆነ የመጨረሻውን ፍርድ መጠበቅ አያስፈልግም። በወንጀል ጉዳይ ደግሞ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 184 ተመሳሳይ ክልከላ አለው፤ ዋስትና ለተከለከለ ሰው ግን አንቀጽ 75 በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንዲል ይፈቅድለታል።

ይግባኝ ባይቻልም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የጊዜያዊ እግድ ትዕዛዝ ካማረረዎት አንቀጽ 158 ያው ፍርድ ቤት ትዕዛዙን እንዲያነሳ ወይም እንዲለውጥ ለማመልከት ይፈቅዳል። በሌሉበት ፍርድ ከተሰጠብዎት ፍርዱን ባወቁ በ1 ወር ውስጥ በአንቀጽ 78 መሠረት እዚያው ፍርድ ቤት ያመልክቱ፤ መጥሪያ በአግባቡ አለመድረሱን ወይም እንዳይቀርቡ ያደረገ በቂ ምክንያት መኖሩን የሚያስረዱበት ቦታ ያ ነው። የመሐንዲሱ ዓይነት ጉዳይ ላይም፣ ምስክሩ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ከዳነ ጥያቄውን ያድሱ። አንቀጽ 264 ፍርድ ቤቱ በራሱ አነሳሽነት ጭምር ተጨማሪ ማስረጃ እንዲያስቀርብ ሥልጣን ይሰጠዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ቢከለከል እንኳ የይግባኝዎን ጉልበት ይጨምራል።

ፍርዱ ሲሰጥ

የይግባኝ ማመልከቻ ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 323)። የሥራ ክርክር ከሆነ ጊዜው 30 ቀን ብቻ ነው። የፍርዱንና የትዕዛዙን ግልባጭ በዚያው ዕለት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የጠየቁበትንና የተሰጠዎትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዙ። ጠበቃዬ ወይም ጉዳይ ፈጻሚዬ ዘነጋ የሚል ምክንያት ጊዜ አያስፈቅድም፤ አንቀጽ 326(2) ይህን በግልጽ ዘግቶታል። ይግባኝ መጠየቁም በራሱ አፈጻጸሙን አያግድም፤ እግድ ከፈለጉ በአንቀጽ 332 መሠረት ለብቻው ያመልክቱ።

ቅሬታውን መጻፍ

ተከሳሿ ተረታች እንበል። መጥፎው ቅሬታ እንዲህ ይነበባል፦ «የሥር ፍርድ ቤት ቀጠሮ መከልከሉ አግባብነት የሌለው፣ ፍትሕን ያጓደለና በአድልዎ የተሞላ ስለሆነ እንዲሻርልን።» ቁጣ አለው፤ የሚመረመር ነገር ግን የለውም። አድልዎ የሚለውን ቃል ማስረጃ ከሌለዎት በጭራሽ አይጻፉ፤ ቀሪውን ቅሬታ ሁሉ ያረክሰዋል።

ጥሩው ቅሬታ ይህን ይመስላል፦ «ፍርድ ቤቱ ምስክራችን ሆስፒታል መተኛታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ቀርቦለት እያለ፣ በማስረጃው ላይ አንዳች ሳይል፣ በእኛ ጥያቄ የተሰጠ ቀጠሮ ቀድሞ ሳይኖርና ወጪ ለመሸፈን ዝግጁ መሆናችንን ገልጸን እያለ መብታችንን ማለፉ ፈቃደ ሥልጣኑን ያላግባብ የተጠቀመ ያሰኘዋል። ፍርዱ በገጽ 4 ላይ ‹ተከሳሽ የሥራውን ጉድለት አላስረዳችም› ብሎ የረታን ይኸው ምስክር ሊያስረዳ በነበረው ነጥብ ላይ ነው።»

የሁለተኛው ቅሬታ ክብደት በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ሲጽፉ በፍርዱ ውስጥ ያንን ቦታ ይፈልጉ፤ ትዕዛዙና ሽንፈቱ የሚገናኙበትን መስመር በገጽ ይጥቀሱ። ካላገኙት ይህን ቅሬታ ትተው በሌላው ነጥብ ላይ ቢያተኩሩ ይሻላል።

ፈቃደ ሥልጣን ያላግባብ ተሠርቶበታል የሚያሰኙት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ዳኛው ሊመዝነው የሚገባውን ነገር ጨርሶ አልመዘነም፤ ወይም ሊመዝነው የማይገባውን መዘነ፤ አንደኛውን ወገን ሳይሰማ አዘዘ፤ ለአንዱ የፈቀደውን በተመሳሳይ ሁኔታ ለሌላው ከለከለ፤ የተሳሳተ ሕግ ይዞ ተነሳ፤ ወይም ምክንያቱ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። የእርስዎ ጉዳይ የሚመጥነውን አንዱን ወይም ሁለቱን ይምረጡ። ለአንዱ የፈቀደውን ለሌላው መከልከሉ በተለይ ዓይን ይገባል። ከሳሽ ሁለት ጊዜ ምስክር ባለማቅረቡ ቀጠሮ ተሰጥቶት ተከሳሿ አንዴም ከተከለከለች፣ የሦስቱን ትዕዛዞች ቀን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ተጨማሪ ክርክር አያስፈልግም።

«ምን ለወጠ?» ለሚለው ጥያቄ ይዘጋጁ

አንቀጽ 211 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የክርክሩን ፍሬ ነገር ወይም የፍርድ ቤቱን ሥልጣን በማይነካ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ምክንያት ብቻ ፍርድ እንዳይሽር፣ መዝገብም እንዳይመልስ ይከለክላል። ሕጋችን ሲዘጋጅ ብዙ ከወሰደባቸው ምንጮች አንዱ እ.ኤ.አ. የ1908 የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ እዚያም ክፍል 99 ላይ ያው ሐሳብ አለ። ስለዚህ ዳኛው መሳሳቱን ማሳየት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው።

ጉዳቱን ሲያስረዱ በደፈናው «መብቴ ተነካ» አይበሉ። ምስክሩ ምን ይል ነበር? ያንን የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ በመዝገቡ ላይ አለ ወይ? ካለ መልስ ሰጪው «ምስክሩ ቢሰማም ያው ነበር» ይላል። በምሳሌያችን ሌላ የጽሑፍ የምርመራ ሪፖርት በመዝገቡ ኖሮ ፍርድ ቤቱ መዝኖት ቢሆን፣ የተከሳሿ ቅሬታ በጣም ይዳከም ነበር። መሐንዲሱ ብቸኛ ማስረጃዋ መሆኑ ነው ጉዳዩን ያቆመው።

እርስዎ መልስ ሰጪ ከሆኑ ደግሞ መከላከያዎ በዋናነት እዚህ ነው። የዳኛውን ትዕዛዝ እንከን የለሽ ለማድረግ አይድከሙ። ትዕዛዙ ሕጉ በሰጠው ክልል ውስጥ መሆኑን፣ ይግባኝ ባዩ በጊዜው አለመቃወሙን ወይም ማስረጃ አለማቅረቡን፣ ውጤቱም እንደማይለወጥ ያሳዩ።

በይግባኝ ችሎት ፊት

መጀመሪያ የሚሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይግባኝ ሰሚው በፍርዱ ከተስማማ በአንቀጽ 337 መሠረት መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ይዘጋዋል። ያለዎት ጊዜ አጭር ስለሆነ የክርክሩን ታሪክ ከሥር መሠረቱ አይተርኩ። ትዕዛዙ የተሰጠበትን ቀን፣ ያቀረቡትን ማስረጃ፣ ዳኛው ያለውን (ወይም ያላለውን)፣ ፍርዱ የተደገፈበትን ገጽ ይናገሩና ያቁሙ። መዝገቡ ያስቀርባል ከተባለ መልስ ሰጪው ይጠራል።

የሚጠይቁትን ዳኝነት ለይተው ይጻፉ። የሥር ፍርድ ቤቱ ሊቀበለው ይገባ የነበረውን ማስረጃ አልቀበልም ብሎ ከሆነ፣ አንቀጽ 345 ይግባኝ ሰሚው ራሱ ማስረጃውን እንዲቀበል ያስችለዋል። ለአንድ ሰነድ ይህ ከሁሉ የፈጠነ መንገድ ነው። በመዝገቡ ያለው ማስረጃ ለመወሰን በቂ ከሆነ በአንቀጽ 342 መሠረት ራሱ የመጨረሻ ፍርድ እንዲሰጥ ይጠይቁ። ክሱ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ብቻ ተዘግቶ ከነበረ አንቀጽ 341፣ መታየት የሚገባው ጭብጥ (ፍርድ ቤቱ ሊወስንበት የሚገባ አከራካሪ ነጥብ) ሳይያዝ ቀርቶ ከሆነ አንቀጽ 343 መዝገቡን ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይመልሱታል። አማራጭ ዳኝነት አድርገው ሁለቱን ማቅረብ ይችላሉ፦ «ምስክሩ በዚህ ፍርድ ቤት ይሰማልን፤ ይህ ካልሆነ መዝገቡ ተመልሶ ይሰማልን።»

መዝገቡ ከተመለሰ በመጀመሪያው ቀጠሮ ምስክሩን ይዘው ይቅረቡ። በዚያ ቀን ሌላ ቀጠሮ መጠየቅ በይግባኝ ያገኙትን ሁሉ ሊያሳጣዎት ይችላል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚከለክል ዳኛ ጥሩ ምክንያት ይኖረዋልና።

ሰበር

የሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። የፈቃደ ሥልጣን ቅሬታ እንዳለ ተወስዶ ቢቀርብ፣ አቤቱታው ለሰበር ይቅረብ ወይ የሚለውን አስቀድሞ በሚያየው በአጣሪው ችሎት የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በትርጉም አንቀጹ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ናቸው ካላቸው መካከል ተገቢውን ጭብጥ አለመያዝ፣ ዳኝነት ሊሰጥበት የሚገባን ጉዳይ ሳይወስኑ መተው፣ አስገዳጅ የሰበር ውሳኔን ተቃርኖ መወሰን ይገኙበታል። ትዕዛዙ ከነዚህ ወደ አንዱ ካደረሰ ቅሬታውን በዚያ ስም ያቅርቡት። የመሐንዲሱ ምስክርነት መከልከሉ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ምክንያት ፍርድ ቤቱ «ሥራው እንደ ውሉ ተሠርቷል ወይ?» የሚለውን ጭብጥ ሳይዝና ሳይመረምር ፈርዶ ከሆነ ግን አጣሪው ችሎት ሊያየው የሚችል ነጥብ አለዎት። ከሰበር አቤቱታዎ ጋር የሁለቱን ፍርድ ቤቶች ፍርድ፣ የተቃወሙትን ትዕዛዝና በዚያ ቀን በመዝገብ ቤት ያስገቡትን ማመልከቻ ግልባጭ አያይዙ።